የሚመለሰው ጉልበት፦ ኮምቦልቻ ላይ ለቦብካት የተሠራ የግንድ መፍለጫ

ባለፈው ዓመት ጥቅምት አጋማሽ ላይ፣ ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ በሚወስደው መንገድ ዳር በሚገኘው የብረታ ብረት ሥራ ቤታችን ደጃፍ አንድ አይሱዙ ቆመ፤ ከጀርባውም አንድ የጎበጠ ብረት በአምስት ሰው ትግል ወረደ። ባለቤቱ የሠፈሩ ሰው ሁሉ ሐጂ የሚላቸው፣ ለዓመታት በኮብልስቶንና በቦይ ቁፋሮ ሥራ የቆዩ፣ ሥራ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ለደሴና ለኮምቦልቻ ዳቦ ቤቶች የባህር ዛፍ ፍልጥ የሚያቀርቡ ሰው ናቸው። የወረደው ብረት ከሳምንታት በፊት በሌላ ሥራ ቤት ያሠሩት የግንድ መፍለጫ ነበር። በስኪድ ስቲር ሎደራቸው (ቦብካት) ፊት ተገጥሞ በመጀመሪያው ቀን ጥቂት ጉማጆችን ከፈለጠ በኋላ፣ ጉጥ የበዛበት አንድ ግንድ ላይ ሲደርስ እንጨቱ ሳይሰነጠቅ ብረቱ ጎበጠ። «መምህር፣ እንጨቱ አሸነፈን» አሉኝ ሐጂ፤ መምህር የሚሉኝ ቀድሞ በሙያ ማሠልጠኛ አስተምር ስለነበር ነው።

ከዚህ በታች የቀረበው መፍለጫው እንደገና የተሠራበት ሂደት ሲሆን፣ እኛ በተራችን የሠራነውን ስህተትም ይጨምራል። መፍለጫ ሊያሠራ የሚመጣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ቶን ይገፋል?» ብሎ ነው። በዚህ ሥራ ሁለት ጊዜ ያስቸገረን ግን የሚገፋው ሳይሆን የሚመለሰው ነበር፤ አንድ ጊዜ በብረቱ ላይ የሚመለሰው ኃይል፣ ሌላ ጊዜ በዘይት ማስተላለፊያው ጎማ (ቱቦ) ውስጥ የሚመለሰው ዘይት።

ማሽኑና እንጨቱ

ስኪድ ስቲር፣ በእኛ አካባቢ አጠራር ቦብካት፣ ጎማዎቹ እንደ መኪና የማይታጠፉ፣ የግራና የቀኝ ጎማዎቹን ፍጥነት በማለያየት በቆመበት የሚዞር ትንሽ ሎደር ነው። ለእንዲህ ያለው ሥራ ተፈላጊ የሚያደርገው ከፊቱ ያለው የማያያዣ ሳህንና ከክንዱ ጫፍ የሚወጡት ሁለት የዘይት መስመሮች ናቸው፤ ባልዲው ይወልቅና በቦታው የጉድጓድ መቆፈሪያ፣ የድንጋይ መስበሪያ ወይም ሌላ መሣሪያ ተገጥሞ ከማሽኑ ፓምፕ ዘይት ይቀበላል። የሐጂ ማሽን 50 የፈረስ ጉልበት ገደማ ያለውና ተርቦ (አየር አጥብቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ነው። በመመሪያ መጽሐፉ ላይ እንደሰፈረው ለተገጣሚ መሣሪያ በደቂቃ 65 ሊትር ዘይት በ200 ባር ግፊት ይሰጣል፤ የሚያነሳው ክብደት ደግሞ 800 ኪሎ ገደማ ነው።

65 ሊትርን በ200 ባር አባዝተን ለ600 ስናካፍል 21.7 ኪሎ ዋት፣ ማለትም 29 የፈረስ ጉልበት ገደማ ይወጣል። የፓምፑን ብክነት ስንጨምርበት ሞተሩ 34 ያህል መስጠት አለበት። ይህ በባህር ዳርቻ ላለ ሰው ምንም ማለት አይደለም፤ ለእኛ ግን ጉዳይ ነው። ኮምቦልቻ ከባህር ወለል በላይ 1,850 ሜትር፣ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆኑ፣ ደሴ ላይ አንድ ሞተር በአንድ ትንፋሽ የሚስበው አየር ክብደቱ በባህር ወለል ላይ ከሚስበው ከአምስት አራት እጅ እንኳ አይሞላም። ተርቦ የሌለው ባለ 50 ፈረስ ሞተር ደሴ ሲወጣ ወደ 39 ይወርዳል። ይበቃል፣ ግን ብዙም አይተርፍም።

እንጨቱ በአብዛኛው ነጭ ባህር ዛፍ ነው። በአፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት የገባው ይህ የአውስትራሊያ ዛፍ በቀጭኑ ሲቆረጥ ለአጣናና ለማገር ይሆናል፤ ሐጂ የገዙት ግን ከደሴ አቅራቢያ ባለው ኩታበር በኩል ለረጅም ዓመታት ሳይቆረጥ የኖረ፣ የግንዱ ውፍረት 40 እና 50 ሳንቲ ሜትር የደረሰ ነበር። የዚህ ዕድሜ ባህር ዛፍ የእንጨቱ ጭረት (የክሮቹ መስመር) ቀጥ ብሎ አይወርድም፤ እየተጠማዘዘና እርስ በርሱ እየተጠላለፈ ስለሚያድግ፣ ከተሰነጠቀ በኋላም ሁለቱ ግማሾች በክር ክር ተያይዘው ይቀራሉ። የማገዶ ፈላጮች ሁሉ እንደሚያውቁት ደግሞ ርጥቡ ከደረቀው ይሻላል። የደረቀ የባህር ዛፍ ጉማጅ ላይ የገባ መጥረቢያ ለመውጣትም ፈላጩን ያደክማል።

የጎበጠው ብረት

ብረቱን ወለሉ ላይ አስተኝተን ከጫፍ እስከ ጫፍ ክር ወጠርንበት። መሀሉ ላይ በክሩና በብረቱ መካከል የልጅ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ነበር፤ በካሊፐር ሲለካ 14 ሚሊ ሜትር ሆነ። ብረቱ 200 ሚሊ ሜትር ከፍታ ያለው የተለመደው አይ ቢም (ከጫፉ ሲታይ የእንግሊዝኛውን I ፊደል የሚመስል የግንባታ ብረት) ነው። በዘይት ግፊት ዘንጉን እያስወጣ የሚገፋው ሲሊንደር ከተፈታታ ኤክስካቫተር የወጣ ሲሆን፣ የውስጥ ስፋቱ 120፣ የዘንጉ ውፍረት 85 ሚሊ ሜትር፣ ጉዞው ደግሞ ተቆርጦ ካጠረ በኋላ 65 ሳንቲ ሜትር ነው። የፒስተኑ ስፋት 113.1 ካሬ ሳንቲ ሜትር ስለሚሆን በ200 ባር የሚገፋው 226 ኪሎ ኒውተን፣ በተለመደው አነጋገር 23 ቶን ነው።

አሁን ሲሊንደሩ እንጨቱን በ23 ቶን ሲገፋ፣ እንጨቱም ከፊቱ ያለውን መደገፊያ ሰሌዳ በዚያው 23 ቶን ይገፋል፤ ሲሊንደሩም በበኩሉ ወደ ኋላ በ23 ቶን ይገፋል። ሁለቱን አንድ ላይ አስሮ የያዘው ያ ቢም ብቻ ነው። ብዙ ሰው፣ የመጀመሪያው ሠሪ ጭምር ይመስለኛል፣ ኃይሉን የሚሸከመው ማሽኑ ነው ብሎ ያስባል፤ ማሽኑ ግን ከመፍለጫው ክብደት በቀር ምንም አይሰማውም። ኃይሉ በቢሙ መሀል ለመሀል ቢያልፍ ኖሮ ቢሙ ይሳብ ነበር እንጂ አይጎብጥም። የሲሊንደሩ መስመር ግን ከቢሙ እምብርት 20 ሳንቲ ሜትር ርቆ ስለተቀመጠ፣ 23ቱ ቶን በ20 ሳንቲ ሜትር ክንድ ቢሙን እንደ ቀስት ያጥፈዋል።

የዚህ ዓይነቱ አይ ቢም መታጠፍን የሚቋቋምበት መለኪያ 194 ኪዩቢክ ሳንቲ ሜትር፣ የተቆረጠ ፊቱ ስፋት 28.5 ካሬ ሳንቲ ሜትር ነው። ከመታጠፍ 233፣ ከመሳብ 79፣ በድምሩ በአንድ ካሬ ሚሊ ሜትር 312 ኒውተን ይደርስበታል። በገበያችን የሚገኘው ተራ የግንባታ ብረት ወደ ቦታው በማይመለስበት ሁኔታ መለጠጥ የሚጀምረው 235 ላይ ስለሆነ፣ ባይጎብጥ ነበር የሚገርመው። ሐጂ ግን ተገቢ ጥያቄ ጠየቁ፦ «ታዲያ የመጀመሪያዎቹን ጉማጆች ሲፈልጥ ለምን አልጎበጠም?» መልሱ የሃይድሮሊክን ጠባይ የሚመለከት ነው። ፓምፑ የሚሰጠው ዘይት እንጂ ግፊት አይደለም፤ ግፊት የሚፈጠረው ዘይቱ እምቢ የሚለው ነገር ሲገጥመው ነው። ልስልስ ያለው ጉማጅ በ80 ባር ከተሰነጠቀ ቢሙ ያየው ከ9 ቶን ብዙም አያልፍም። 23ቱን ቶን ያየው ጉጡ በመጣ ጊዜ ነው።

በምትኩ የመረጥነው 200 በ200 የሆነውን ወፍራሙን ኤች ቢም ነው። የመታጠፍ መቋቋሚያው 570፣ ስፋቱ 78.1 ነው፤ በዚያው የ20 ሳንቲ ሜትር ክንድ 108 ብቻ ያርፍበታል። ነገር ግን ግንዱ እንጨቱን በሚሰነጥቀው ሽብልቅ የታችኛው ጫፍ ከተያዘ የኃይሉ መስመር ከቢሙ ይርቃል፤ ክንዱን 35 ሳንቲ ሜትር አድርጌ ባሰላው 168 መጣ፣ ይህም ከ235 በታች ነው። ሐጂ በክብደቱ ቅር አላቸው፤ አንዱ ሜትር 61 ኪሎ ይመዝናል። ከሲሊንደሩና ከሳህኑ ጋር መፍለጫው በጠቅላላው 400 ኪሎ ገደማ ሲሆን፣ ማሽኑ ከሚያነሳው ግማሹን ያህል ይወስዳል። የቀረው ግማሽ ግን በቂ ነው፤ 50 ሳንቲ ሜትር ወፍራምና 60 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ርጥብ ጉማጅ ከ120 እስከ 130 ኪሎ ነው የሚመዝነው።

ስለ ሽብልቁም አንድ ነገር ማለት አለብኝ። የመጀመሪያው ሠሪ ጫፉን የሠራው ከጭነት መኪና ባሌስትራ ነበር፤ ብየዳው ዳር ለዳር ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ አውጥቷል። ባሌስትራ ለቢላና ለመጥረቢያ የተመሰከረለት ቢሆንም ካርቦኑ ብዙ ነው፤ ሳይሞቅ በተራው 6013 ኤሌክትሮድ ሲበየድ፣ ከብየዳው አጠገብ ያለው ክፍል በድንገት ይቀዘቅዝና እንደ ብርጭቆ ይደርቃል። ደግሞስ ባሌስትራ ምን አስፈለገ? ሽብልቅ ቢላ አይደለም። የመጀመሪያዋን ስንጥቅ ከከፈተ በኋላ ጫፉ እንጨት አይነካም፤ እንጨቱን የሚከፍሉት ጎንና ጎኑ ናቸው። እኛ የሠራነው ከተራ 30 ሚሊ ሜትር ላሜራ ነው፤ ጫፉ ጠበብ ብሎ ይጀምርና ከ10 ሳንቲ ሜትር በኋላ በሁለት ክንፎች ይሰፋል። ብየዳው በደረቀ 7018 ነው፤ ይህ ኤሌክትሮድ እርጥበት ከጠጣ ጥቅሙን ስለሚያጣ በያጃችን ፓኬቱን ከዳቦ ምጣድ አጠገብ እያደረቀ ነበር የሚያወጣው።

ተገልብጦ የተሠራው መፍለጫ

የመጀመሪያው መፍለጫ እንደ ጠረጴዛ ነበር፤ ቢሙ ከታች፣ እንጨቱ ከላይ። አንድ ሰው ጉማጁን አንስቶ ያስቀምጣል፣ ሌላው ማሽኑ ውስጥ ተቀምጦ ዘይቱን ይለቃል። እጁ በሽብልቁና በእንጨቱ መካከል ያለው አንዱ፣ ሽብልቁን የሚያንቀሳቅሰው ሌላው ነው፤ በመካከላቸው ያለው ብቸኛ ስምምነት ደግሞ በሞተር ጩኸት ውስጥ የሚሰማ «በቃ!» የሚል ቃል ነው። ይህን እንደማልሠራ ለሐጂ በግልጽ ነገርኳቸው።

የሠራነው ግልባጩን ነው። ቢሙ በማሽኑ ፊት ወርድ ለወርድ ተጋድሞ፣ ሽብልቁና መደገፊያ ሰሌዳው ከበታቹ ተንጠልጥለው ይወርዳሉ። ኦፕሬተሩ ክንዱን አውርዶ መሬት ላይ የተኛውን ጉማጅ በሁለቱ መካከል ያስገባል፣ ሽብልቁ ጥርስ እስኪይዝ ይጠጋል፣ ከመሬት ትንሽ ያነሳዋል፣ ከዚያ ይፈልጠዋል። ጉማጁን የሚያነሳ ሰው አያስፈልግም፤ ማንም ሰው ወደ ማሽኑ እንዲጠጋ የሚያደርግ ምክንያትም የለም። ሽብልቁ በቢሙ የታችኛው ክንፍ ላይ በግራና በቀኝ ተቆልፎ የሚንሸራተት ሲሆን፣ ግንዱ ዝቅ ብሎ ሲያዝ የሚመጣውን የመገልበጥ ኃይል የሚሸከመው ይህ ተንሸራታች ነው እንጂ የሲሊንደሩ ዘንግ አይደለም። ሽብልቁ ጉዞውን ሲጨርስ ከመደገፊያው 3 ሳንቲ ሜትር ሲቀረው ይቆማል፤ ለባህር ዛፍ ክሮች ከዚህ የሰፋ ክፍተት መተው ሥራውን በመጥረቢያ መጨረስ ማለት ነው።

የቆርቆሮው አጥር

የመጀመሪያው ሙከራ በሥራ ቤቱ ግቢ፣ አሥር ሰዓት ገደማ ላይ ሆነ። ማሽኑን የሚነዳው የሐጂ ልጅ ነው። ሁለቱን ኩፕለሮች፣ ማለትም የመፍለጫውን የዘይት ጎማዎች ከማሽኑ ጋር የሚያገናኙትን መጋጠሚያዎች፣ ያገጣጠምኩት እኔ ራሴ ነኝ፤ ይህን የማነሳው ጥፋቱ የማን እንደሆነ ግልጽ እንዲሆን ነው። ልጁ ዘይቱን ለቀቀ። ሽብልቁ የአውራ ጣት ስፋት ያህል ተንቀሳቀሰና ቆመ፤ ሞተሩ አጉረመረመ። በሁለቱ መካከል እንጨት አልነበረም፤ ስለዚህ የሚያቆመው ነገር መኖር አልነበረበትም። ልጁ እንደማንኛውም ኦፕሬተር ጋዝ ጨመረ። የዋሽንት ድምፅ የመሰለ ነገር ሰማን፤ ከዘንጉ መውጫ በኩል አንድ የዘይት ጅራፍ ወጥቶ አራት ሜትር ርቆ ባለው የቆርቆሮ አጥር ላይ በደረት ከፍታ የሁለት ጣት ወርድ ያለው መስመር አሰመረ። በዚያ ቦታ ቆሞ የነበረው ተለማማጃችን ጨርቅ ሊያመጣ ወደ ውስጥ ገብቶ ነበር።

በዘንጉ በኩል ያለው ኩፕለር እስከ መጨረሻው አልገባም ነበር። ፊታቸው ጠፍጣፋ የሆኑት እነዚህ መጋጠሚያዎች በውስጣቸው ቫልቭ አላቸው፤ በትክክል ካልተቆለፉ ዘይት አያሳልፉም። ስለዚህ ፓምፑ የፒስተኑን ጀርባ ሲገፋ፣ ከፊት ለፊት በዘንጉ ዙሪያ ያለው ዘይት መውጫ አጣ። የኋላው ስፋት 113.1 ካሬ ሳንቲ ሜትር ነው፤ የፊተኛው ግን 85 ሚሊ ሜትር ዘንግ ከመሀሉ ስለሚወስድ 56.4 ብቻ ይቀራል፤ ግማሽ ማለት ነው። ያው ኃይል በግማሽ ስፋት ላይ ሲያርፍ ግፊቱ እጥፍ ይሆናል። ከኋላ 200 ባር ሲገባ ከፊት 401 ባር ተፈጠረ። የማሽኑ የግፊት ማስተንፈሻ ቫልቭ ይህን አያየውም፤ እሱ የሚያውቀው በፓምፑ በኩል ያለውን 200 ብቻ ነው። በዘንጉ መውጫ ላይ ዘይት እንዳይወጣ የሚያሽገው አሮጌ ቀለበት፣ «ኦይል ሲል» የሚባለው፣ ግን አየው።

እንዲህ ያለው ዘይት ሰውን ሲያገኝ የሚያደርሰው ጉዳት ከመርፌ ቀዳዳ የማይበልጥ ቁስል ይመስላል፤ ይህም ነው አደገኛ የሚያደርገው። ዘይቱ ቆዳውን በስቶ በሥጋው ውስጥ ይሠራጫል፤ ሕመሙ ቀላል ቢመስልም በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ሄዶ የገባው ዘይት መሆኑን ለሐኪሙ መናገር ያስፈልጋል፤ የሚዘገይ ሰው ጣቱን ወይም እጁን ሊያጣ ይችላል። የሚያንጠባጥብ ጎማ በጣት አይፈተሽም፤ በካርቶን ቁራጭ ነው የሚፈተሸው።

ኦይል ሲሉን ቀይረን፣ ኩፕለሩን በትክክል አስገብተን በማግስቱ ደግመን ሞከርን። ሲወጣ እንደ ስሌቱ 7 ሰከንድ ገደማ ፈጀ። ሲመለስ በ3.4 ሰከንድ ማለቅ ሲገባው 8 ሰከንድ ወሰደበት፤ ሞተሩም ወደ ውስጥ ሲስብ ከሚገፋበት ጊዜ ይልቅ ያቃስት ነበር። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ኩፕለሩን በእጄ ይዤ መቆየት አልቻልኩም።

እዚህ ላይ ነበር የሌላውን ሠሪ ቢም ሦስት ቀን ሙሉ ስተች ቆይቼ የራሴን የዘይት መመለሻ አንድ ሰዓት እንኳ እንዳላሰላሁ የገባኝ። ሽብልቁ ወደ ኋላ ሲመለስ ፓምፑ 65 ሊትር በዘንጉ በኩል ያስገባል፤ በሌላው በኩል የሚወጣው ግን በስፋቶቹ መጠን ይበዛና በደቂቃ 130 ሊትር ይሆናል። በግማሽ ኢንች ጎማ ውስጥ ይህ ዘይት በሰከንድ 17 ሜትር መሮጥ አለበት፤ ለመመለሻ መስመር የሚመከረው ከ2 እስከ 4 ሜትር ነው። የታፈነው ዘይት ጀርባውን ይገፋል፤ በኋላ በኩል 50 ባር ቢታፈን ፓምፑ እሱን ለማሸነፍ ብቻ በፊት በኩል 100 ባር መክፈል አለበት፣ ምክንያቱም የስፋቱ ግማሽነት አሁን በእኛ ላይ ይሠራል። ይህ ሁሉ ጉልበት እንጨት ሳይነካ ወደ ሙቀት ይለወጣል። ዘይቱ ከ80 ዲግሪ ሲያልፍ ደግሞ ኦይል ሲሎቹ መጠንከርና መሰንጠቅ ይጀምራሉ።

ዘንጉን መቀየር

ሦስት መንገዶች ነበሩ። አንደኛው ከሲሊንደሩ ጀርባ ተነስቶ በቀጥታ ወደ ማሽኑ ዘይት ታንክ የሚሄድ የአንድ ኢንች መመለሻ መዘርጋት ነው፤ 130ው ሊትር በዚያ ውስጥ በሰከንድ 4.3 ሜትር ይሄዳል፤ ፋብሪካዎችም እንዲህ ያደርጋሉ። ሐጂ ግን ታንኩ ሊበሳ መሆኑን ሲሰሙ ፊታቸው ተለወጠ፤ «ልጄ፣ እንጀራዬ ማሽኑ ነው፤ ፍልጡ ትርፍ ነው። ለትርፉ ብላችሁ እንጀራዬን አትብሱብኝ» አሉ። መከራከር አልፈለግሁም፤ ልክ ነበሩ። ሁለተኛው ኦፕሬተሩ ሽብልቁን በሚመልስበት ጊዜ ጋዝ እንዲቀንስ ማድረግ ነው። ወጪ የለውም፤ ነገር ግን በቀን መቶ ጊዜ በሚደጋገም ሥራ ላይ የሰውን ትዕግሥት የሚያምን መፍትሔ ነው።

ሦስተኛውን መረጥን፤ ዘንጉን አቀጠንነው። ኤክስካቫተር ወፍራም ዘንግ የሚያስፈልገው ሲሊንደሩ ረጅም ስለሆነና ጎን ለጎን ስለሚወዛወዝ ነው፤ የእኛ ግን አጭርና በተንሸራታች የተመራ ነው። ከሌላ አሮጌ ሲሊንደር የወጣ 60 ሚሊ ሜትር ክሮም ዘንግ ተገኘ። 1.3 ሜትር ርዝመት ያለው እንዲህ ያለ ዘንግ በስሌት የሚጎብጠው ከ75 ቶን በላይ ሲጫነው ነው፤ ለ23 ቶን ከሦስት እጥፍ በላይ መተማመኛ አለው። ቶርነሪያችን የፒስተኑን ቀዳዳ በውስጡ በሚገባ የብረት ቀለበት (ቡሺንግ) አጠበበ፤ ለመውጫው ከነሐስ አዲስ መሪ ቀለበት ቀረጸ። የዘንጉን ጫፍ ከሽብልቁ ጋር የሚያገናኘው ቀለበት ከመበየዱ በፊት ዘንጉ በነበልባል ሞቀ፤ የባሌስትራው ትምህርት እዚህ ጠቀመን፣ የዘንግ ብረትም ካርቦን አለውና።

አሁን የፊተኛው ስፋት 84.8 ካሬ ሳንቲ ሜትር ሆነ፤ የሁለቱ ንጽጽር ከ2 ወደ 1.33 ወረደ። የሚመለሰው ዘይት 87 ሊትር ነው። ከመፍለጫው ላይ ያሉትን ጎማዎች ወደ ሦስት አራተኛ ኢንች ስላሳደግናቸው በእነሱ ውስጥ በሰከንድ 5 ሜትር ገደማ ይሄዳል፤ ጠባብ የቀረው ኩፕለሩ ብቻ ነው። የመመለሻው ጊዜ በስሌት ወደ 5.1 ሰከንድ ረዘመ፣ በሰዓት ሲለካ 5.5 ሆነ። በወረቀት ላይ የዘገየው በተግባር ከ8 ሰከንድ ወደ 5.5 ፈጠነ ማለት ነው፤ ሐጂ ይህን እስኪቀበሉ ሦስት ጊዜ አስለኩኝ። ያላሰብኩት ትርፍ ደግሞ ተገኘ፤ ኩፕለሩ ዳግም ሳይቆለፍ ቢቀር በዘንጉ በኩል የሚፈጠረው ግፊት 401 ሳይሆን 267 ባር ነው፤ ይሁንና ባለ ሁለት ድርብ ሽቦ የሦስት አራተኛ ኢንች ጎማ ከሚፈቀድለት 215 ባር አሁንም በላይ ነው። ስለዚህ አልተማመንኩበትም። በኩፕለሮቹ አንገት ላይ በቀይ ቀለም መስመር አሰመርን፤ ሁለቱ መስመሮች ካልገጠሙ ቁልፉ አልገባም። መሣሪያው በተገጠመ ቁጥርም ሽብልቁ ባዶውን፣ በዝቅተኛ ጋዝ፣ አንድ ጊዜ ወጥቶ አንድ ጊዜ ይመለሳል።

ኩታበር በኩል

ኅዳር ውስጥ መፍለጫው ወደ እንጨቱ ሄደ። የመጀመሪያው ቀን ጧት በብርድና በከፍታው ምክንያት ሞተሩ ጉጥ ሲገጥመው ሊጠፋ ይደርስ ነበር፤ ዘይቱ እስኪሞቅ ሩብ ሰዓት ባዶውን መሥራት ችግሩን አቃለለው። ጉጥ ያለበትን ግንድ መሀል ለመሀል ከመጋፈጥ ከዳር ዳሩ እየገነጠሉ መግባት እንደሚሻል ያሳዩን ቀድሞ በመጥረቢያ ይፈልጡ የነበሩት ሰዎች ናቸው። አንደኛው ሽማግሌ ጉማጁን በእግራቸው አንከባልለው፣ ፊቱ ላይ ያለውን የድርቀት ስንጥቅ ከሽብልቁ ጋር ያስተካክሉና ዞር ይላሉ፤ እሳቸው ያስተካከሉት ጉማጅ ሲሰነጠቅ የሞተሩ ድምፅ እንኳ አይለወጥም ነበር። አራቱም ፈላጮች አሁን በመቁረጥ፣ በማንከባለልና በመጫን ሥራ ላይ ናቸው።

የሐጂ ልጅ ወዲያው ሌላ ብልሃት አገኘ፤ ጉማጁን ነክሶ ወደ ላይ ካነሳ በኋላ በአይሱዙው አካል ላይ አድርጎ መፍለጥ፣ ፍልጡ ራሱን እንዲጭን። ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም። ሁለተኛው ጉማጅ ሲሰነጠቅ ግን አንዱ ግማሽ የመኪናውን ጎን መትቶ ወደ ውጭ ወደቀ፤ ሐጂ ከልጃቸው ቀድመው አስቆሙት። እኔም ክንዱ ከፍ ብሎ 130 ኪሎ የተሸከመ ማሽን በዚያ ዳገት ላይ እንዲዞር አልፈልግም ነበር።

ሐጂ የፈለጉት ሌላው ነገር ፍጥነት ነበር፤ ትልቅ ፓምፕ ይገጠምልን አሉ። ስንለካው አንድ ጉማጅ ከተያዘበት እስኪጣል አንድ ደቂቃ ያህል ይፈጃል፤ ከዚህ ውስጥ ሲሊንደሩ የሚጠቀመው 12 ሰከንድ ገደማ ነው፤ የቀረው ማሽኑን ማዞርና ማስተካከል ነው። ፓምፑ እጥፍ ቢሆን የሚተርፈው 6 ሰከንድ ብቻ ነበር። በምትኩ ጉማጆቹ በአንድ አቅጣጫ፣ በሁለት ክንድ ርቀት እንዲደረደሩ አደረግን።

አሁን ያልተቋጨው ጥያቄ ባለ አራት ምላስ ሽብልቅ ነው፤ በአንድ ግፊት አራት ፍልጥ የሚያወጣ። ለቀጥተኛ ጭረት እንጨት ጥሩ ነው፤ ለዚህ ባህር ዛፍ ግን 23ቱን ቶን ለሁለት ስንጥቅ ማካፈል ስለሆነ ገና እሺ አላልኩም። በጥር ወር መፍለጫው ለምርመራ ሲመጣ ያሳሰበኝ ሌላ ነገር ነበር፤ በአዲሱ ዘንግ ላይ ከጫፉ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ገባ ብሎ በጥፍር የሚዳሰስ አንድ ጭረት ወጥቷል። ምንጩ ከልጡ ጋር የሚወድቀው አሸዋ ነው፤ ዘንጉ ሲመለስ ይዞት ይገባል። ጭረቱን በጥሩ የአሸዋ ወረቀት አለስልሰን፣ የአቧራ መጥረጊያውን ቀለበት ቀየርን፤ በዘንጉ ላይ እንደ ጣሪያ የሚያጠላ የ2 ሚሊ ሜትር ላሜራ ክዳንም በየድንበት። በክዳኑና በዘንጉ መካከል 4 ሳንቲ ሜትር የተውነው ልጁ በየማለዳው እጁን አስገብቶ ዘንጉን በጨርቅ እንዲጠርገው ነው፤ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ክንዱ መሬት ላይ አርፎ።